የመጀመሪያ ፒሲቢዬን (የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚገጠምበት ቦርድ) ላሠራ ነው፤ ዕቃው ተገጥሞ ይምጣ ወይስ ባዶውን?

ጥያቄ፦ የአዳማዋ
ሰላም ለሁላችሁ። እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሌሊት። ከታችኛው ሮቶ ወደ ጣሪያው ሮቶ የሚገፋውን ፓምፕ እናቴ ናት ተነስታ የምታበራው። ውሃው አልቆ ፓምፑ በደረቁ እንዳይቃጠል ስለምትሰጋ እስኪሞላ አትተኛም። እሷን ለማሳረፍ ኢኤስፒ32 በሚባል ዋይፋይ ባለው ቺፕ የሚሠራ መቆጣጠሪያ ሠራሁ። ሳይበየድ በሚሞከርበት ብሬድቦርድ ላይ ጥሩ ይሠራል። አሁን ኪካድ በሚባለው የቦርድ መሳያ ፕሮግራም ላይ ባለ ሁለት ሌየር (ከላይም ከታችም መዳብ ያለው) ቦርድ ስያለሁ፤ 12 በ9 ሴንቲ ሜትር። ፓምፑን የሚያበራው ሪሌም (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) 220 ቮልቱም እዚያው ላይ ናቸው። ፓምፑ ባለ 1 የፈረስ ጉልበት ነው። የት ላሠራው? ዕቃዎቹ ተገጥመው ይምጡ ወይስ እኔ ልበይዳቸው? ትልልቁን እበይዳለሁ፤ ደቃቃዎቹን ግን ሞክሬ አላውቅም። የምፈልገው 3 ቦርድ ነው፤ ለእኛ፣ ለአክስቴና ለጎረቤት።

መልስ፦ ገርበር
ጄኤልሲፒሲቢ ወይም ፒሲቢዌይ ላይ እዘዢ፤ ሁለቱም ቦርድ የሚሠሩ የቻይና ድርጅቶች ናቸው። ትንሹ ትእዛዝ 5 ቦርድ ነው። ግን መጀመሪያ ቦርዱን አሳንሺው። ርካሹ ዋጋ እስከ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ላለው ነው፤ አንቺ በ2 ሴንቲ ሜትር አልፈሻል። ለዚህ መጠን ከቦርዱ ይልቅ ማጓጓዣው ነው የሚወደደው።

የኢኤስፒ32ን ቺፕ አታስገጥሚ። ቦርዱ ላይ የሴት ፒን ሄደር (መሰኪያ) አድርጊ፤ ቺፑ ተገጥሞበት እዚህ አገር የሚሸጠውን ዴቭ ቦርድ ትሰኪበታለሽ። ሲበላሽ ነቅሎ መቀየር ነው። አንቴናው ያለበት ጫፍ ከቦርዱ ጠርዝ ይውጣ፤ ካልሆነም ከስሩ መዳብ አይኑር። አለዚያ ዋይፋዩ ይደክማል።

ሬዚስተር፣ ካፓሲተር፣ ዳዮድና ትራንዚስተሩን ፋብሪካው ይግጠም። ሁሉንም በአንድ ፊት አድርጊያቸው፤ ሁለት ፊት ማስገጠም ዋጋ ይጨምራል። ጄኤልሲ ላይ "ቤዚክ" ከሚለው ዝርዝር ምረጪ። "ኤክስቴንድድ" የሆነ ዕቃ በየዓይነቱ ተጨማሪ ክፍያ አለው፤ አንድ ሳንቲም የማታወጣ ሬዚስተር ብዙ ታስከፍልሻለች። ከ5ቱ 2ቱን ብቻ ማስገጠምም ይቻላል፤ አንቺ ግን 3 ስለምትፈልጊ 5ቱንም አስገጥሚ። ሪሌውን፣ ተርሚናሉን (የሽቦ ማሰሪያውን) እና ሄደሩን ራስሽ በይጃቸው።

መልስ፦ ኮንታክተር
እህቴ፣ እኔን ያሳሰበኝ 220ው ነው። የአንድ ፈረስ ጉልበት ፓምፕ ሲሠራ 5 አምፔር አካባቢ ይስባል፤ ሲነሳ ግን ለአፍታ የዚያን ብዙ እጥፍ ነው። 10 አምፔር የተጻፈባት ትንሿ ሰማያዊ ሪሌ ይህን በየቀኑ አትችለውም። ኮንታክቷ (በውስጧ የሚነካኩት ብረቶች) ይጣበቃል። ተጣበቀ ማለት ደግሞ ኮዱ "ጥፋ" ቢልም ፓምፑ አይጠፋም፤ እናትሽ የሚፈሩት ነገር ደረሰ ማለት ነው።

ስለዚህ ኮንታክተር የሚባለውን ትልቅ ሪሌ ግዢ፤ የቦርዱ ሪሌ የእሱን ኮይል (የሚያበራውን ጥቅል ሽቦ) ብቻ ያብራ። ፓምፑን ኮንታክተሩ ይሸከም፤ ከብሬከርና ከኦቨርሎድ (ፓምፑ ከልክ በላይ ሲስብ ከሚያጠፋው) ጋር ለብቻው ሳጥን ውስጥ። ታችኛው ሮቶ ውስጥ ፍሎት ስዊች (በውሃው ከፍታ የሚበራና የሚጠፋ ማብሪያ) ክተቺና ከኮይሉ መስመር ጋር በሲሪዝ (በተከታታይ) እሰሪው። ውሃው ሲያልቅ፣ ኢኤስፒው ሥራ ቢያቆም እንኳ፣ ኮይሉ ይቋረጣል። ይህን ሳታደርጊ ለአክስትሽ ቤት አትግጠሚ፤ እለምንሻለሁ።

ቦርዱ ላይም ከ220ው መስመር እስከ 3.3 ቮልቱ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ባዶ ተዪ፤ በሁለቱም ሌየር። የግራውንዱ መዳብ ሪሌው ስር ገብቶ እንደሆነ እዪ። ኪካድ ቦታውን ሲሞላ ሳታስቢው ይገባል።

የአዳማዋ
ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ኮንታክተሩን ነገ እጠይቃለሁ። በዶላር እንዴት እንደምከፍል ግን ጨነቀኝ። ጉምሩኩስ?

መልስ፦ ከዱባይ
የውጭ ምንዛሪ ካርድ ከሌለሽ ውጭ ያለ ዘመድ ይክፈልልሽ። እኔ ለወንድሜ እንደዚያ ነው የማደርገው፤ ወደ እኔ ይላካል፣ አገር ቤት የሚገባ ሰው ይዞለት ይሄዳል። በኩሪየር በቀጥታ ካስመጣሽ ደረሰኙ ላይ ያለው ዋጋ ትክክለኛው ይሁን፤ ምን እንደሆነም በግልጽ ይጻፍ። ዋይፋይ ያለው ዕቃ ስለ ፈቃድ ጥያቄ ሊያስነሳ ስለሚችል፣ ገርበር እንዳለው ኢኤስፒውን እዚያው መግዛትሽ ለዚህም ይጠቅማል።

የአዳማዋ
ቦርዱን 98 በ80 ሚሊ ሜትር አደረስኩት። የፋብሪካው ድረ ገጽ ላይ ገርበሩን (የቦርዱን ስዕል ፋይል)፣ የድሪል ፋይሉን፣ ቦሙን (የዕቃ ዝርዝሩን) እና ሲፒኤሉን (የዕቃዎቹን ቦታና አቅጣጫ) ጫንኩ። ማሳያው ላይ ግን ሪሌው አጠገብ ያለው ዳዮድ መስመሩ በተቃራኒው በኩል ነው። ኪካድ ላይ ልክ ነበር። ትራንዚስተሩም ዞሯል።

መልስ፦ ገርበር
ስላየሽው ጥሩ። ዳዮዱ እንደዚያ ከተገጠመ ሪሌው ሲበራ ኮይሉን ሾርት ያደርገዋል፤ ትራንዚስተሩ ይቃጠላል። ስዕልሽ ችግር የለበትም። ኪካድና ፋብሪካው የአንድን ዕቃ ዜሮ ዲግሪ በተለያየ መንገድ ስለሚቆጥሩ ነው። ኪካዱን አትንኪ፤ ሲፒኤሉ ላይ ሮቴሽን የሚለውን ብቻ ቀይሪ፤ ዳዮዱን 180 ጨምሪለት። ትራንዚስተሩን ሦስቱም እግሮች ፓዳቸው (የሚበየዱበት መዳብ) ላይ እስኪያርፉ አዙሪው። ከዚያ የአምራቹን ዳታሺት (የዕቃውን መግለጫ) ከፍተሽ የትኛው እግር ቤዝ (ትራንዚስተሩን የሚያበራው) እንደሆነ አረጋግጪ፤ መልካቸው አንድ ሆኖ እግራቸው የሚለያይ አሉ። ክፍያውን ከዚያ በኋላ።

መልስ፦ ኮንታክተር
ሲደርስሽ 220ውን ቶሎ አታገናኚ። መጀመሪያ በ5 ቮልት ብቻ አብሪውና ሪሌው "ቀጭ" ሲል ስሚ። ከዚያ አጥፍተሽ በመልቲሜትር ከ220ው ተርሚናል ወደ ግራውንድ ለኪ፤ ምንም ግንኙነት ማሳየት የለበትም። ሳጥኑን ስታስሪ እዚያው ሰፈር ያለ ኤሌክትሪሻን አብሮሽ ይቁም።