አምስቱም አናባቢ ያለበት ረጅም የእንግሊዝኛ ቃል ማን ያውቃል?

የጦሳ ልጅ፦ ሰላም ወገን። ደሴ ነው የማስተምረው፣ ዘጠነኛ ክፍል። ለእንግሊዝኛ ክበብ ኤ፣ ኢ፣ አይ፣ ኦ፣ ዩ አምስቱም የገቡበት ረጅም ቃል አምጡ ብያቸው እኔው ራሴ ከ«ኤጁኬሽን» ማለፍ አቃተኝ። ልጆቹ ፊት ላፍር ነው፣ እርዱኝ እንጂ!

ሐይቅ ዳር፦ አብሽር። «ፋሲሸስ»ን ውሰድ፣ ያለቦታው ቀልደኛ ማለት ነው። ኤፍ ኤ ሲ ኢ ቲ አይ ኦ ዩ ኤስ። አናባቢዎቹ በተራቸው ተሰልፈው ነው የመጡት፣ ልክ እንደ ዳቦ ሰልፍ 😄

ኮምቦልቻ 07፦ እሱማ አጭር ነው፣ 9 ፊደል። ረጅም ካልክ «አንኮፒራይተብል» አለልህ፣ የቅጂ መብት የማይወጣለት። 15 ፊደል ሆኖ አንድም አይደገምም፣ አምስቱም አናባቢ አሉበት። ሰሌዳው ላይ አንድ በአንድ እያስቆጠርክ ጻፍላቸው፣ ቆጥረው ካላዩ አያምኑህም። ሌላ ስትፈልግ በዘፈቀደ መዝገበ ቃላት አታገላብጥ፣ ጊዜህን ነው የሚበላው። የቃላት ዝርዝር ፋይል አውርደህ ኤ የሌለባቸውን አውጣ፣ ከቀረው ኢ የሌለባቸውን፣ እንዲያ እያልክ እስከ ዩ። መጨረሻ በርዝመት ደርድር፣ ኤክሴልም ይበቃሃል።

ወይዘሪት ቃል፦ ሐረግም ይቆጠራል ወንድሜ? ታይፕ ስንማር ያሰለቹን ፈጣኗ ቡናማ ቀበሮ ሰነፉን ውሻ የምትዘልበት ዓረፍተ ነገር እኮ 26ቱንም ፊደል ይዟል።

የጦሳ ልጅ፦ ኑሩልኝ! ዛሬ ደግሞ ጉድ ሆንኩ፣ ከኋላ የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ አውቶሞቢልስ?» አትለኝም! ኦ ሁለቴ ከመግባቷ በቀር አምስቱም አሉበት። በየቀኑ የምንጠራው ቃል እኮ ነው።