ሪፈር ወረቀት ላይ ጥርሱን በምን እንጻፍ? የጋራ ሐሳብ ረቂቅ

አስተባባሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከባሕር ዳር ስብሰባችን አንድ ነጥብ ሳይቋጭ ቀርቷል። ረቂቁ ሪፈር ላይ ጥርስ «በተለመደው የማዕዘን ምልክት ይጻፍ» ይላል። በስልክና በኮምፒውተር ስንልክም ይሠራል ወይ? ሐሳባችሁን እዚሁ ጣሉ፤ እስከ ዓርብ እንጨርሰው።

ነባር የጥርስ ሐኪም፦ እኔ ይቀጥል ባይ ነኝ። የቪየናው ዚግሞንዲ በ1861 ካወጣው ጊዜ ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ ነው። አፉን አራት ቦታ የሚከፍለውን መስቀል ታሰምራለህ፣ ጥርሱ ከመሃል ስንተኛ እንደሆነ የሚነግረውን ቁጥር ማዕዘኑ ውስጥ ትጽፋለህ፣ አለቀ። ምልክቶቹ ኮምፒውተር ላይም ገብተዋል ሲባል ሰምቻለሁ።

የመረጃ ባለሙያ፦ ገብተዋል ጋሼ፤ 15 ናቸው። መነሻቸው ጂስ ኤክስ 0213 የተባለው የ2000 የጃፓን መስፈርት ነው። ለዓለም ፊደላትና ምልክቶች የኮምፒውተር መለያ ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ በ2002፣ በ3.2 እትሙ ተቀበላቸው። የእኛ ፊደል በ1999 ነው የገባው፣ ብዙም አይራራቁም። በአስርዮሽ ሲቆጠር ከ9150 እስከ 9164 ያለው ቦታ የእነሱ ነው።

ግን አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። የላይኛው ቀኝ የመጀመሪያ ትልቅ መንጋጋ 6⏌ ተብሎ ይጻፋል። 9164 ቁጥር ያላት ምልክት ማዕዘኗ ብቻ ናት። 6 ራሱን የቻለ ሌላ ምልክት ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ይቆማሉ እንጂ ቁጥሩ ማዕዘኑ ውስጥ አይገባም። 654⏌ ብትጽፉም መስመሩ በሦስቱም ሥር አይዘረጋም።

ከዚህ የሚብሰው ፎንቱ ነው። ኮዱ የምልክቱ መለያ ቁጥር ነው፤ ቅርጹን የሚያወጣው ተቀባዩ ስልክ ላይ ያለው ፎንት ነው። ፎንቱ ምልክቱ ከሌለው ባዶ ሳጥን ይመጣል። ያኔ በእጃችን የሚቀረው 6 ብቻ ነው። አፍ ውስጥ ደግሞ 6 የሚባሉ አራት ጥርሶች አሉ! ለነቀላ የተላከ ሰው ከሆነ ይሄ ቀልድ አይደለም።

የጤና ባለሙያ፣ ከዘጌ፦ እኔን በየጊዜው ይገጥመኛል። በቴሌግራም የላክሁት ከተማ ሲደርስ ሳጥን ብቻ ይሆናል። ደውለው «የቱ 6?» ይሉኛል። ኔትወርክ ሲጠፋስ ታካሚው ምን ይሁን?

ወጣት ሐኪም፦ ታዲያ እዚህ ለምን እንሙት? ለሙሉው መስቀል አዲስ ኮድ ይሰጠን ብለን ለዩኒኮድ እናመልክት።

የመረጃ ባለሙያ፦ ያጣነው ምልክት አይደለም ወንድሜ። ቁጥርን ማዕዘን ውስጥ ማስቀመጥ የገጽ አደራደር ሥራ ነው። እሱን ሶፍትዌር ወይም ምስል ይሠራዋል። አዲስ ኮድ ቢሰጠንም የፎንቱ ጣጣ ያው ነው።

የልጆች ጥርስ ሐኪም፦ ባለሁለት አሃዙን እንያዝ። የዓለም ጥርስ ሐኪሞች ፌዴሬሽን ዘዴ ነው፤ መስፈርቱም አይኤስኦ 3950። የመጀመሪያው አሃዝ የአፉን ሩብ ይነግረናል፤ ለአዋቂ ከ1 እስከ 4፣ ለወተት ጥርስ ከ5 እስከ 8። ሁለተኛው ከመሃል ወደ ኋላ ሲቆጠር ስንተኛ እንደሆነ ነው። ያቺ መንጋጋ 16 ትሆናለች። የትኛውም ስልክ 1ን እና 6ን ያሳያል።

አደራ፣ በስልክ ስንነጋገር «አንድ ስድስት» እንበል፣ «አሥራ ስድስት» አይባል። አሜሪካኖች ከ1 እስከ 32 ነው የሚቆጥሩት፤ በእነሱ 16 የላይኛው ግራ የመጨረሻው መንጋጋ ነው። ስለዚህ የዘዴው ስም ቅጹ ራስጌ ላይ ይታተም። ከቁጥሩ ጎን ደግሞ በቃል «የላይኛው ቀኝ» ተብሎ ይጻፍ።

ነባር የጥርስ ሐኪም፦ በዚህ እስማማለሁ። በእጅ የምንሞላው የክሊኒክ ካርድ ላይ ግን ማዕዘኑ እንዳይነካብኝ። እጄ የለመደው እሱን ነው፣ ወረቀት ላይ ደግሞ ሳጥን የሚሆን ነገር የለም።

አስተባባሪ፦ ይሁን ጋሼ። የተስተካከለው አንቀጽ ይኸው፦ «ከክሊኒክ ወደ ክሊኒክ የሚላክ ማንኛውም ጽሑፍ ላይ ጥርስ በባለሁለት አሃዝ ቁጥርና ጎኑን በሚገልጽ ቃል ይጻፍ። የዘዴው ስም ራስጌ ላይ ይኑር። የማዕዘን ምልክት በእጅ በሚሞላ ካርድ ላይ ብቻ ይቆይ።» የቁጥሮቹን ሰንጠረዥ ማን ይሠራልናል?

የልጆች ጥርስ ሐኪም፦ እኔ ልያዘው። የወተት ጥርሶቹንም እጨምራለሁ።

የጤና ባለሙያ፣ ከዘጌ፦ በአንድ ገጽ ይሁንልኝ እህቴ፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ።