የመጀመሪያ ልጄ የህብለ ሰረሰር ክፍተት ይዛ ተወለደች፤ ዳግመኛ ከማርገዜ በፊት ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ እናት ከሸዋ በር፣ ደሴ

ሰላም ለሁላችሁ። ዕድሜዬ 27 ነው። ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ፣ ከወገቧ ከፍ ብሎ ጀርባዋ ላይ በስስ ቆዳ የተሸፈነ፣ ብርቱካን የሚያህል እብጠት ነበረባት። አዋላጇ ሕፃኗን በሆዷ አስተኝታ፣ እብጠቱን በጨው ውሃ በራሰ ጎዝ ሸፍና ወዲያውኑ ሪፈር አጻፈችልን። አዲስ አበባ ሄደን ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ ኮፍያዋ በየሳምንቱ ሲጠባት አይተን ብንወስዳት፣ ጭንቅላቷ ውስጥ ውሃ መቋጠሩ ታውቆ ውሃውን የሚያፈስ ቀጭን ቱቦ (ሻንት) ገባላት። ዛሬ ታወራለች፣ ትጫወታለች፤ እግሮቿ ግን አይታዘዙላትም።

ሌላ ልጅ እንፈልጋለን፤ ነገር ግን ምክንያቱን ሳላውቅ ማርገዝ ፈራሁ። ከ19 ዓመቴ ጀምሮ ለሚጥል በሽታ ሶዲየም ቫልፕሮኤት እወስዳለሁ፤ መድኃኒቱን በተቀበልኩባቸው ዓመታት ሁሉ ስለ እርግዝና ያነሳልኝ ሰው አልነበረም። ማርገዜን ያወቅሁት በሁለተኛው ወር መጨረሻ ሲሆን፣ የአይረን ፎሌት ክኒን የጀመርኩትም ከዚያ ወዲህ ነው። ባለቤቴ ኮምቦልቻ ውስጥ የብረት በርና መስኮት ቀለም ይቀባል፤ ልብሱ ቲነር ቲነር እየሸተተ ነው ቤት የሚገባው። ሥጋ ዝምድና የለንም። አማቴ ግን «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ታይቶ አይታወቅም» ይላሉ፤ ጎረቤት ደግሞ በቀትር ወንዝ ተሻግረሽ ይሆናል ይለኛል። የባለቤቴ አክስትም መስማት የተሳነው ልጅ አላቸው። ነገሩ የዘር ነው፣ የመድኃኒት ነው ወይስ የቀለሙ? ደግሞስ ይደገማል?

መልስ፦ የሁለት ልጆች እናት፣ ኮምቦልቻ

አብሽሪ እህቴ። የበኩር ልጄ በዚሁ ችግር በተወለደ በሦስተኛው ዓመት ጤነኛ ሴት ልጅ ወልጃለሁና፣ ያደረግሁትን ልንገርሽ። ለማንኛዋም ሴት በቀን 0.4 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ ሲበቃ፣ አንድ ጊዜ እንዲህ የደረሰባት እናት ግን የምትወስደው ከዚያ አሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ነው፤ ለእኔ የታዘዘችልኝ ባለ 5 ሚሊ ግራሟ ትንሽ ቢጫ ክኒን ነበረች። የወሊድ መቆጣጠሪያዬን ሳላቋርጥ ሦስት ወር ወሰድኳት፤ መቆጣጠሪያውን ያቆምኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ እርግዝናው 12 ሳምንት እስኪሞላም አላቋረጥኳትም።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ጤና ጣቢያ የሚሰጠን የአይረን ፎሌት ክኒን 60 ሚሊ ግራም አይረንና 0.4 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ የያዘ ነው። እኔም ባለ 5ቱ በጠፋ ጊዜ «ታዲያ ይህንኑ አሥር አሥር ብውጠውስ?» ብዬ ጠይቄ፣ አይረኑ ሊመርዘኝ እንደሚችል ተነግሮኝ ነው የተውኩት። ጎመኑንም ምስሩንም ብይ፤ ምግብ ብቻውን ግን ያን መጠን አይሞላልሽም። አላህ ያግርልሽ።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ። ዛሬ ስለ ቫልፕሮኤት ሳነብ በጣም ስለደነገጥኩ የማታውን ክኒን ልተወው አስቤያለሁ።

መልስ፦ ፋርማሲስት፣ ደሴ

እባክዎን ዛሬ ማታም ሆነ ነገ በራስዎ ፈቃድ አያቁሙት። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ጥሎ የማያነሳ፣ ተከታታይ መንቀጥቀጥ ሊመጣና ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል፤ እርስዎን ደግሞ የምትፈልግ ልጅ እቤት አለች።

ፍርሃትዎ ግን ትክክለኛ ነው። እናቶቻቸው በእርግዝና ጊዜ ቫልፕሮኤት ከወሰዱ 100 ሕፃናት መካከል 10 ያህሉ ከባድ የአካል ጉድለት ይዘው ይወለዳሉ፤ ከመቶው አንዱ ወይም ሁለቱ የህብለ ሰረሰር ክፍተት ይኖርባቸዋል። መጠኑ በጨመረ ቁጥር አደጋውም ይጨምራል፤ አካላቸው ሙሉ ሆኖ ከተወለዱትም ብዙዎቹ በአእምሮ እድገትና በትምህርት ይቸገራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ልጅ መውለድ ለሚችሉ ሴቶች ቫልፕሮኤት እንዳይታዘዝ ያሳሰበው በዚህ ምክንያት ነው። የልጅዎ ችግር ከዚህ ለመምጣቱ ማንም ማረጋገጫ ሊሰጥዎ አይችልም፤ ከጠቀሷቸው ነገሮች ሁሉ ግን ጎልቶ የሚታየኝ ይኸው ነው። ይህን ገና በመጀመሪያው ዕለት፣ ክኒኑን እየቆጠረ ሲሰጥዎ ሊነግርዎ የሚገባው የእኔው ባለሙያ ባልደረባ ነበርና በጣም አዝናለሁ።

አሁን ማድረግ የሚገባዎ፣ የወሊድ መቆጣጠሪያዎን እንደያዙ ወደ ነርቭ ሐኪም መሄድና «ማርገዝ እፈልጋለሁ» ብለው በግልጽ መናገር ነው። ሪፈሩን ደሴ ካለው ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ማጻፍ ይችላሉ። ላሞትሪጂንና ሌቬቲራሴታም የሚባሉት መድኃኒቶች ለፅንስ በእጅጉ የተሻሉ ናቸው። ለውጡ ግን ወራት ይፈጃል፤ በተለይ ላሞትሪጂን ከቫልፕሮኤት ጋር ሲደራረብ ከባድ የቆዳ ሽፍታ እንዳያመጣ በትንሽ በትንሹ ነው የሚጨመረው። የተቀላቀለ ሆርሞን ያለው የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን ደግሞ የላሞትሪጂንን ኃይል ስለሚቀንስ፣ የትኛውን መቆጣጠሪያ እንደሚጠቀሙ ለሐኪሙ ይንገሩ። በየቦታው በርካሽ ስለሚገኝ ብቻ ወደ ፌኖባርቢታል አይሻገሩ፤ እሱም የልብና የላንቃ ጉድለት ያስከትላል። ፎሊክ አሲዱን መውሰድ ይገባዎታል፤ ሆኖም የቫልፕሮኤትን ጉዳት ያከሽፋል ብለው አይተማመኑበት።

መልስ፦ የሥነ ሕይወት መምህር፣ ደሴ

«የዘር ነው» የምንለው ቃል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ስለሚያቅፍ፣ ሰዎች በከንቱ እንዲወቃቀሱ ያደርጋል።

አንደኛው በአንድ ዘረመል ጉድለት የሚመጣው ነው። እናትና አባት ሁለቱም ጤነኛ ሆነው ያንኑ የተበላሸ ዘረመል ከተሸከሙ፣ በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ዕድል ልጁ ይታመማል፤ የአጎትና የአክስት ልጆች ሲጋቡ አደጋው ከፍ የሚለውም አንድ ዓይነት ዘረመል ከአንድ አያት ስለሚወርሱ ነው። ሁለተኛው ዘረመሎችን የሚሸከሙት ክሮች፣ ማለትም የክሮሞዞም፣ ቁጥር ስህተት ነው። ዳውን ሲንድረም የሚመጣው 21ኛው ክሮሞዞም በአንድ ሲበዛ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከወላጅ የተወረሰ ሳይሆን እንቁላሉ ሲፈጠር የደረሰ ስህተት ነው፤ ከእናትየው ዕድሜ ጋርም ይጨምራል። የእርስዎ ልጅ ችግር ብዙውን ጊዜ የሚመደበው ግን በሦስተኛው ውስጥ ነው፤ እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ የሚገፉ ብዙ ዘረመሎች ከሁለቱም ወላጆች ይመጣሉ፤ በዚያ ላይ የፎሌት እጥረት፣ ያልተቆጣጠሩት ስኳር፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የደረሰ ከባድ ትኩሳት ወይም እንደ ቫልፕሮኤት ያለ መድኃኒት ሲጨመር ሚዛኑ ይደፋል። ስለዚህ አማትዎ «ከእነሱ ወገን ነው» ቢሉ፣ ግማሹ የልጃቸው ድርሻ መሆኑን በአክብሮት ይንገሯቸው። የአክስትየው ልጅ አለመስማት ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከዚህ ጋር አይያያዝም። ቀትሩም ወንዙም በደለኛ አይደሉም።

ከሁሉ በላይ ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ጊዜውን ነው። ህብለ ሰረሰርና አንጎል የሚሆነው ዝርግ ሕዋስ ተጠቅልሎ እንደ ቱቦ የሚዘጋው ከፅንሰት በኋላ እስከ 28ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። እርስዎ ማርገዝዎን ሲያውቁና ክኒኑን ሲጀምሩ ነገሩ ካለቀ ሳምንታት አልፈውት ነበር፤ በቸልተኝነት ያጠፉት ነገር የለም። ለሚቀጥለው ግን ጥሩ ዜና አለ። እ.ኤ.አ. በ1991 በእንግሊዝ የታተመ ጥናት፣ ቀድሞ እንዲህ ዓይነት ልጅ የወለዱ እናቶች ከፅንሰት በፊት ጀምሮ በቀን 4 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ የመደገሙ አደጋ 72 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ይህ ሳይደረግ እንኳ የመደገም ዕድሉ ከመቶ ከሁለት እስከ አምስት ነው፤ 95 እና ከዚያ በላይ የሚሆኑት እናቶች ሁለተኛው ልጃቸው ከዚህ ችግር ነፃ ሆኖ ይወለድላቸዋል።

መልስ፦ የሥራ ደኅንነት ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ

ስለ ቀለሙ ባጭሩ፦ እንደ ቫልፕሮኤት ያለ ጠንካራ ማስረጃ የለበትም። ሆኖም አንዳንድ የብረት ቀለም እርሳስ ስላለበት ብናኙ በልብስና በጫማ ቤት ይገባል፤ እርሳስ ደግሞ የፅንስንም የሕፃንንም አንጎል ይጎዳል። ባለቤትዎ የሥራ ልብሱን እዚያው ይቀይር፣ ታጥቦ ይግባ፤ ልብሱም ከልጅቷ ልብስ ጋር አይታጠብ፣ ሲያረግዙም እርስዎ አይጠቡት።

መልስ፦ አዋላጅ ነርስ

ከማርገዝዎ በፊት ስኳርዎን ይመርመሩ። ከዚያም ከ18 እስከ 22 ባለው ሳምንት፣ ታሪክዎን ለሐኪሙ ነግረው ጀርባውን በተለይ እንዲያይ በመጠየቅ አልትራሳውንድ ይነሱ። ክፍተት ያለበት ፅንስ ጭንቅላቱ ከፊት በኩል ጠበብ ብሎ ብዙ ጊዜ የሎሚ ቅርጽ ይይዛል፤ ሐኪሙ አንዳንዴ ጀርባውን ሳያይ በዚህ ነው የሚጠረጥረው። ጠላና አረቄ፣ ኮሶም ቢሆን፣ በእርግዝናው ጊዜ ሁሉ ይቅርብዎ።

ጠያቂዋ፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የነርቭ ሐኪሙ ዘንድ አማቴን ይዣቸው ገባሁ፤ ሐኪሙ ከሁለቱም ወገን እንደሚመጣ ሲያስረዱ አንድም ቃል ሳይናገሩ አዳመጡ፤ ስንወጣ ልጄን ከእጄ ተቀብለው አዘሏት። ላሞትሪጂን በትንሹ ተጀምሮልኛል፤ ቫልፕሮኤቱ የሚቀነሰው ያኛው ከተደላደለ በኋላ ነው ተብያለሁ። ባለ 5 ሚሊ ግራሙም ታዞልኛል። ባለቤቴ የሥራ ልብሱን በፌስታል ቋጥሮ እዚያው መተው ጀምሯል። ቀጣዩ ቀጠሮዬ ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ሐኪሙ ፈቃድ እስኪሰጡኝ ድረስ ክንዴ ላይ የተቀበረው መቆጣጠሪያ አይወጣም።