የ24 ካራቢነር ግዢ፦ ለቦርዱ የሚገባ የጋራ ሐሳብ

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። የተራራ ወጪ ማኅበራችን ለዕቃ የመደበው 480 ዶላር አለ። ባለ ብዙ ፒች ገደል (ከአንድ ገመድ የረዘመ፣ በየደረጃው የሚወጣ) የምንወጣው 8 ሰዎች ነን። ለእያንዳንዳችን 3 ባለ ቁልፍ ካራቢነር (ገመድ የሚያያዝበት፣ በር ያለው የብረት ማያያዣ)፣ አንዱ በ20 ዶላር ሒሳብ። አሁን ያሉን 90 ግራም ገደማ ናቸው። በ55 ግራም ብንቀይራቸው በሰው ከ100 ግራም በላይ ይቀላል። እስከ ዓርብ ካልገባ ገንዘቡ ለበጋው ሽርሽር ይዞራል። አምና የሆነውን ታውቃላችሁ።

የቦልደሩ (ከቦልደር ከተማ የሚመጣው)፦ ግራም ብቻ አትዩ። ሦስቱ አንድ ዓይነት ሥራ የላቸውም። ሁለተኛውን ሰው ከላይ ሆነን ስንስብ ገመድ መያዣ መሣሪያው በአንዱ ካራቢነር አንከሩ (ገደሉ ላይ የምንታሰርበት ቦታ) ላይ ይንጠለጠላል። እሱ ላይ ገመድ አይሮጥም፣ ትንሽና ቀላል ቢሆን ምንም አይደል። ገመዱ የሚታጠፍበት ግን ክብና ወፈር ያለ ገላ ይኑረው። ቀላሎቹ ክብደት የሚቀንሱት ጎናቸው ተቦርቡሮ ነው። ገመዱ የሚያርፍበት ቦታ ይጠብና ቶሎ ይበላል። የምንወጣበት የኤልዶራዶ ገደል ድንጋይ ደግሞ አሸዋማ ነው። አሸዋ የያዘ ገመድ አሉሚኒየምን እንደ ሞረድ ነው የሚፍቀው።

ገንዘብ ያዥ፦ ቀላሉ ቢሰበርስ?

የቦልደሩ፦ ኤችኤምኤስ የሚባለው ሆደ ሰፊ ካራቢነር ተብሎ ለመሸጥ በርዝመቱ 20 ኪሎኒውተን (የጉልበት መለኪያ ነው)፣ በወርዱ 7፣ በሩ ተከፍቶ 6 መቻል አለበት። ቀላሉም ከባዱም ይህን አልፎ ነው የሚመጣው። ልዩነቱ ዕድሜው ላይ ነው።

ነርሷ፦ ሦስተኛው፣ ራሳችንን ከአንከር የምናስርበት፣ የግድ ኤችኤምኤስ ይሁን። ሆዱ ሰፊው፣ የፒር ቅርጽ ያለው ማለቴ ነው። መስከረም ላይ ኤልዶራዶ ባስቲል የሚባለው ገደል ሦስተኛ ፒች ስደርስ ሪቨርሶዬ፣ ገመድ መያዣ መሣሪያዬ፣ ከእጄ ወደቀ። ያለ መሣሪያ ገመድ በሚይዘው በሙንተር ቋጠሮ ልይዝ ብል የቀረችኝ ትንሿ ዲ ቅርጽ ነበረች። ቋጠሮው አልገለበጥ አለኝ። 40 ደቂቃ እዚያው ቆምን። ኤችኤምኤስ እኮ ለዚያ ቋጠሮ ተብሎ ነው የተሠራው፣ ስሙም የጀርመንኛ ስሙ ነው።

ሹፌሩ፦ ዋጋውን ሦስት ሱቅ እኔ እጠይቃለሁ። ነገ አመጣለሁ።

ጋሼ፦ አንድ ነገር። ረቂቁ ላይ "ካራቢነር" የሚል 9 ጊዜ ተጽፏል። ደንባችን ሰነድ በአማርኛ ይሁን ይላል። ዘለበት በሉት።

የኦሮራዋ (ከኦሮራ ከተማ የምትመጣው)፦ ጋሼ፣ ዘለበት የቀበቶ ነው።

ጋሼ፦ የበቅሎ ጭነትም በዘለበት ይታሰራል። ሸክም የሚይዝ ብረት ነው፣ ምን ጎደለው?

የቦልደሩ፦ መንጠቆ ቢባል አይሻልም?

ነርሷ፦ መንጠቆ አፉ ክፍት ነው። እኔ መንጠቆ ላይ አልንጠለጠልም።

የቦልደሩ፦ ቁልፍ ቀለበት?

ነርሷ፦ እሱ የቤት ቁልፍ ማንጠልጠያ ነው።

ጋሼ፦ ዘለበት ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ይይዛል። ከዚህ የቀረበ ቃል የለንም።

የኦሮራዋ፦ ቦርዱ ሲያነበው ቀበቶ ልንገዛ ነው የሚመስለው።

ገንዘብ ያዥ፦ ሰዎች፣ ረቡዕ ሆኗል! አንድ ቃል ላይ ሁለት ቀን ፈጀን። ጋሼ፣ በእርስዎ ዘለበት ምክንያት 480 ዶላሩ ወደ ሥጋ መጥበሻ ሊሄድ ነው።

ጋሼ፦ ይህን ማኅበር ስንጀምር አምስት ነበርን። ተራራ የወጣነው ልጆቻችን ከእኛ ጋር በአማርኛ እያወሩ እንዲውሉ ብለን ነው። ገደል ሥር ስንደርስ ሁላችንም እንግሊዝኛ ከሆንን እዚህ ከተማ የሞላ ክለብ አለ፣ እዚያ እንመዝገብ። እኔን ዝም ማሰኘት ከፈለግህ በግልጽ ንገረኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ። በንዴት ነው የጻፍኩት። እርስዎን ዝም በሉ የሚል አፍ የለኝም።

የኦሮራዋ፦ እስካሁን ያልተናገርኩት ነገር አለ። ባለፈው ዓመት ያው ባስቲል ላይ ከፊት እየመራሁ ነበር። ሥሩ ያለው ወንዝ ሲሞላ ሌላ ድምፅ አያሰማም። "ልቀቅ!" ብዬ ጮኽኩ። ገመድ ስጠኝ ማለቴ ነው። ታች የያዘኝ ልጅ አንከር ላይ የደረስኩና ቢሌይ (የያዝክልኝን ገመድ) ፍታ ያልኩት መሰለው። የካራቢነሩን ቁልፍ ማዞር ጀምሮ ነበር። ያስቆመው አጠገቡ የቆመ ሰው ነው። እኔ ገና አንከር አልደረስኩም። አማርኛው ጉዳይ ነው፣ ግን ቃሉ ዘለበት አይደለም። "ልቀቅ" ነው።

ነርሷ፦ ይህን እንዴት እስከ ዛሬ ዝም አልሽ?

የኦሮራዋ፦ አፈርኩ።

የቦልደሩ፦ እንግሊዝኛዎቹ ትእዛዞች ድምፃቸው እንዲለያይ ታስቦ ነው የሚመረጡት። እኛ ግን አማርኛና እንግሊዝኛ እየቀላቀልን ሁሉም በየራሱ ነው። "ልቀቅ" ከዛሬ ጀምሮ ይቅር። ገመድ ለመጠየቅ "ላላ"፣ ለማጥበቅ "ሳብ"፣ አንከር ደርሶ ራስን ካሰሩ በኋላ ብቻ "ፍታ"።

ጋሼ፦ ከፊቱ ስም ይጠራ። ቅዳሜ ቅዳሜ ባስቲል ላይ አንድ ገመድ ብቻ አይኖርም። ሌላው "ፍታ" ሲል የእኛ ሰው እንዳይፈታ።

ነርሷ፦ ድምፅ ካልተሰማስ? በገመድ መጎተት እንስማማ።

የቦልደሩ፦ እሱ መሬት ላይ ካልተለማመድነው ከቃሉ የባሰ ያሳስታል። አንድ ቀን ፈቃድ ካለው አስጎብኚ ጋር መሥራት አለብን።

ጸሐፊ፦ እሺ፣ ሁለተኛው ረቂቅ። ለ8 ሰው አንድ አንድ ኤችኤምኤስ፣ 160 ዶላር። ቀሪው 320 ለአንድ ቀን ሥልጠናና በፕላስቲክ ለታሸገ የትእዛዝ ካርድ።

ገንዘብ ያዥ፦ ክብደት ልንቀንስ አልነበር እንዴ? በዚህ ሒሳብ 16ቱ አሮጌዎች ከእኛ ጋር ይቆያሉ።

ጸሐፊ፦ ይቆያሉ። ጎድጎድ ያሉትን ለይተን እንጥላለን።

ገንዘብ ያዥ፦ ከጣልን ደግሞ ያንሰናል። ግን ልጅቷ የጻፈችውን ካነበብኩ በኋላ አልከራከርም። ፈርሜያለሁ።

ጋሼ፦ ካርዱን እኔ እጽፋለሁ። ስለ ዕቃው ስም ሥልጠናው ቀን እንነጋገራለን፣ አልተውኩትም።

ጸሐፊ፦ ሐሙስ ማታ ነው። ሹፌሩ፣ ዋጋውስ? ሦስት ጊዜ ደወልኩ።

ነርሷ፦ እኔም ጻፍኩለት፣ መልስ የለም። ደግሞ በክር የሚዘጋው ነው ወይስ ራሱ የሚቆልፈው? ይህን ማንም አልወሰነም።

የቦልደሩ፦ በክር። ሙንተር ስትቋጥሪ ራሱ የሚቆልፈው ተጨማሪ እጅ ይፈልጋል።

የኦሮራዋ፦ እኔ ክሩን መዝጋት እረሳለሁ። ራሱ የሚቆልፈውን እመርጣለሁ።

ጸሐፊ፦ በክር ብዬ ጽፌዋለሁ። የሚቃወም ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት ይጻፍ፣ ከዚያ በኋላ እልከዋለሁ።