ማቴዎስ 12 «ከቃልህ የተነሣ» ይላል፤ ማቴዎስ 25 ሥራን ይጠይቃል፤ የምንፈረደው በየትኛው ነው?

ዘአባዶ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም እሑድ ከሰዓት ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም ጎረቤት አብሮ ወንጌል ያነብባል። የሚቀጥለው ርዕስ ማቴዎስ 12፥37 ነው፦ «ከቃልህ የተነሣ ትጸድቃለህና፥ ከቃልህም የተነሣ ትኰነናለህ።» ምዕራፍ 25 ላይ ግን ፍርዱ በማብላት፣ በማልበስ፣ በመጠየቅ ነው። እንዴት ይታረቃሉ? ደግሞም የሰው ገንዘብ የወሰደ ይመልሳል፤ ሰው ያማ ምኑን ይመልሳል?

የአንድምታ ተማሪ፦
ከቁጥር 37 አትነሡ፤ ከ22 ጀምሩ። ጌታ ዕውርና ዲዳ የነበረውን ፈወሰ፤ ፈሪሳውያን «በብዔል ዜቡል» (በአጋንንት አለቃ) «ነው» አሉ። መልካሙን ሥራ በዓይናቸው እያዩ ክፉ ስም ሰጡት። ስለ ዛፍና ፍሬ፣ በልብ ሞልቶ ስለሚተርፈው የተነገረው ለዚህ ነው። ስለዚህ ቃል የልብ ምስክር ሆኖ ይቀርባል እንጂ ከሥራ ጋር የሚፎካከር ሌላ ሚዛን አይደለም።

ቁጥር 36 ላይ «ከንቱ ነገር» የተባለው በግሪኩ «አርጎን» ነው። «ኤርጎን» ሥራ ነው፤ ከፊቱ የገባው «አ» ያፈርሰዋል፤ ልክ እኛ «ሥራ ፈት» እንደምንለው። ብዙዎች ጥቅሱን ጨዋታና ሳቅ መከልከያ ያደርጉታል፤ ያን ጊዜ ዋናው ነገር፣ ስም ማጥፋቱ፣ ሳይነካ ያልፋል። የሥራ ፈት ቃል ምሳሌ ከፈለጋችሁ ያዕቆብ 2፥16 አለ፦ ለታረዘው «እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም» ብሎ ባዶ እጁን መስደድ።

ምዕራፍ 25ን ስታነቡ ቁጥር 37ንና 44ን አስተያዩ። በቀኝ ያሉትም በግራ ያሉትም «ጌታ ሆይ» ይላሉ። በአፍ አንድ ናቸው፤ የለያቸው የተራበው፣ የታመመው፣ የታሰረው ነው። ቤተ ክርስቲያናችንም ኃጢአትን በሐልዮ (በሐሳብ)፣ በነቢብ (በቃል)፣ በገቢር (በሥራ) ብላ ትቆጥራለች፤ ሦስቱም ያስጠይቃሉ።

ሱሉልታ 7፦
በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ግን «ትጸድቃለህ» የሚለውን የመዳን ዋጋ እንዳታደርጉት። እኛ ወንጌላውያን ሮሜ 3፥28ን ይዘን ጽድቅ በእምነት ነው እንላለን፤ ሥራ የእምነቱ ማስረጃ ነው። የእኛ ሰው የሚሳሳተው ኤፌሶን 2ን «ከሥራ አይደለም» በሚለው ቁጥር 9 ላይ ሲዘጋው ነው። ቁጥር 10 «ለመልካም ሥራ» እንደተፈጠርን ይናገራል። ያው ጳውሎስ በሮሜ 2፥6 እግዚአብሔር ለእያንዳንዱ እንደ ሥራው እንደሚያስረክብ ጽፏል። በዚህ ከኦርቶዶክስ ወንድሞች ጋር ያለው ልዩነት በአንድ እሑድ አያልቅም፤ በግድ ለማስማማት አትድከሙ።

ወለተ ኪዳን፦
ስለ ሐሜቱ ልመልስ። ለንስሐ አባት «ሰው አምቻለሁ» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ምን እንደተባለ፣ በስንት ሰው ፊት፣ ምን ጉዳት እንዳመጣ ይነገራል፤ የታማው ሰው ስም ግን አያስፈልግም፤ አለዚያ ኑዛዜው ራሱ ሐሜት ይሆናል።

ከዚያ ማረም የሚጀመረው ከሰሚዎቹ ነው። በእድር ስብሰባ የተባለ በእድር ስብሰባ፣ በቴሌግራም የተጻፈ እዚያው ይታረማል። መልእክቱን ማጥፋት ብቻውን አይረዳም፤ ያነበበው አንብቧል። ወሬው ሐሰት ከነበረ «ያልኩት እውነት አይደለም» ይባላል። እውነት ከነበረ ግን ሐሰት ነው ማለት ሌላ ውሸት ነው፤ «መናገር አልነበረብኝም» ይበቃል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነው፦ የታማው ሰው ምንም ሳይሰማ ሐሜተኛው ሄዶ ሁሉን ይዘረግፍለትና አዲስ ቁስል ይፈጥራል። ከመሄዱ በፊት የንስሐ አባቱን ይጠይቅ። ወሬው እንጀራ ካሳጣው ደግሞ ካሣ አለ፤ ቀራጩ ዘኬዎስ «በሐሰት ከስሼ እንደ ሆንሁ አራት እጥፍ እመልሳለሁ» ብሏል (ሉቃስ 19፥8)። ጾሙና ስግደቱ ለነፍስ መድኃኒት ነው፤ የጎረቤትን ስም ግን አይመልስም።

ዘአባዶ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያለን አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ ሁለቱን ምዕራፎች አብረን እናንብብ?

የአንድምታ ተማሪ፦
አይበቃችሁም። 12፥22-37ን እስከ መጨረሻው አንብቡ፤ ምዕራፍ 25ን ለሚቀጥለው እሑድ አቆዩት።