ቢጫው ማሊያ ከሙር ደ ብሬታኝ ዳገት ይተርፋል?

ጥያቄ፦ ነገ የ2025ቱ (እ.ኤ.አ.) የቱር ደ ፍራንስ ብስክሌት ውድድር 7ኛው ምዕራፍ (የ7ኛው ቀን ጉዞ) ከሴን ማሎ ተነሥቶ፣ 197 ኪሎ ሜትር ከተጓዘ በኋላ በሙር ደ ብሬታኝ አናት ላይ ይጠናቀቃል። ማቲዩ ቫን ደር ፑል መሪነቱንና የመሪውን ቢጫ ማሊያ የያዘው ታዴይ ፖጋቻርን በጠቅላላ ሰዓት በ1 ሰከንድ ብቻ በልጦ ነው። ቫን ደር ፑል እ.ኤ.አ. በ2021 በዚሁ ዳገት አሸንፎ ቢጫውን ማሊያ ለብሶ ነበርና፣ ነገስ የሚደግመው ይመስላችኋል?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ እኔ እጠራጠራለሁ። በ2021 ውድድሩ ገና 2ኛ ቀኑ ነበር፤ ዛሬ ግን ከዋናው ቡድን ተገንጥለው ከወጡት ጋር ሲታገል ስለዋለ እግሩ ዝሏል። ዳገቱ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ሁለት ጊዜ ይወጣል፤ የመጀመሪያው አጋማሹም ቀጥ ብሎ የሚታይ፣ ወደ 10 በመቶ የሚጠጋ በመሆኑ የደከመ ሰው መደበቂያ አያገኝበትም።

መልስ 2፦ ኤርትራዊው ብስክሌተኛ ቢኒያም ግርማይስ?

መልስ 1፦ ቢኒያም በ2022 በጣሊያኑ ውድድር በጂሮ ዲታሊያ፣ በየዚ ከተማ የተጠናቀቀውን ኮረብታማ ምዕራፍ ቫን ደር ፑልን ቀድሞ አሸንፏል። ይህኛው መጨረሻ ግን የበለጠ ቀጥ ያለ ስለሆነ ለፖጋቻር የተሠራ ይመስለኛል፤ ለአሸናፊው የሚሰጠው፣ ከጠቅላላ ሰዓቱ የሚቀነስለት የ10 ሰከንድ ጉርሻም ብቻውን መሪነቱን ይቀይራል።