ታክሱን ከፍላችሁ ፋይል ላላደረጋችሁ፦ ማን ጋ ይሻላል?

ሲፒ80 የሚባለው የአይአርኤስ (የአሜሪካ ፌዴራል ታክስ መሥሪያ ቤት) ደብዳቤ ደርሷችሁ የት እንሂድ ለምትሉ፣ በተለይ ለኡበርና ለሊፍት ሹፌሮች፣ የእኔ ጥቆማ ይኸውላችሁ። ደብዳቤው የሚለው፣ ገንዘባችሁ ገብቷል፣ ፎርም 1040 (የዓመቱን ገቢና ታክስ የምታሳውቁበት ቅጽ) ግን አልደረሰንም ነው። ኤፕሪል ላይ ኤክስቴንሽን (የፋይል ማድረጊያ ጊዜ ማራዘሚያ) ብሎ ከፍሎ ኦክቶበር 15 ያለፈው ሰው እዚህ ውስጥ ይገባል። ደግማችሁ እንዳትከፍሉ!

ማንም ጋ ከመሄዳችሁ በፊት አይአርኤስ ድረ ገጽ ላይ አካውንት ከፍታችሁ ትራንስክሪፕታችሁን፣ ማለትም የታክስ መዝገባችሁን፣ እዩ። ነፃ ነው። ክፍያው ሌላ ዓመት ላይ ተመዝግቦ ከሆነ ደብዳቤው የመጣው በዚያ ሰበብ ሊሆን ይችላል። ያኔ ደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ ደውላችሁ አስተካክሉልኝ ማለት ነው። ለዚህ ብላችሁ ለማንም አትክፈሉ።

ፍሪ ፋይል፣ ማለትም የአይአርኤስ የነፃ ኦንላይን ፋይል፣ ለዘንድሮው ታክስ እንጂ ላለፈው አይሆንም። ቪታ (በጎ ፈቃደኞች ታክስ የሚሠሩበት የአይአርኤስ ፕሮግራም) ነፃ ነው፣ ለደመወዝተኛ እኔም እዚያ ሂዱ እላለሁ። ያለፈ ዓመት የሚሠሩት ግን ሁሉም ጣቢያዎች አይደሉም፤ ኪሳራ ያሳየ ቢዝነስ ደግሞ አይነኩም። በታክስ ወቅት ብቻ የሚከፈቱት ሱቆች ፈጣን ናቸው፣ ችግሩ በጁላይ ደብዳቤ ሲመጣ ዘግተው አለመገኘታቸው ነው። ፒቲን (አይአርኤስ ለታክስ ሠሪ የሚሰጠው ቁጥር) የሌለው፣ አልፈርምም የሚል፣ ወይም ከሪፈንዱ (ከሚመለስላችሁ ገንዘብ) በፐርሰንት የሚቆርጥ ከሆነ ውልቅ ብላችሁ ውጡ።

ለሹፌር የምመርጠው ኢንሮልድ ኤጀንት፣ ማለትም አይአርኤስ ፈቃድ የሰጠው የታክስ ባለሙያ፣ ነው። ብዙ ጊዜ ከሲፒኤ (ፈቃድ ካለው የሒሳብ ባለሙያ) ይረክሳል፤ ፎርም 2848 የሚባለውን የውክልና ቅጽ ፈርማችሁለት እናንተን ወክሎ አይአርኤስን ማነጋገርም ይችላል። ስሙን አይአርኤስ ራሱ ባወጣው ዝርዝር ላይ ፈልጉት። አማርኛ የሚናገር ከተገኘ እሰየው፣ ግን መጀመሪያ ስኬጁል ሲ (የራስ ሥራ ገቢና ወጪ የሚሞላበት ቅጽ) ሠርቶ ያውቅ እንደሆነ ጠይቁት።

በጊዜው ሙሉውን ከከፈላችሁ የማዘግየት ቅጣቱ አያስፈራም። በየወሩ 5 በመቶ የሚታሰበው ባልተከፈለው ላይ ነው። የሚያስፈራው ዝም ማለት ነው። አይአርኤስ በ1099 (ኩባንያው የከፈላችሁን በሚያሳየው ቅጽ) ብቻ ራሱ ሊሞላላችሁ ይችላል፣ እሱ ደግሞ ለሥራ የነዳችሁትን ማይል አያውቅም። በ2024 ለአንድ የሥራ ማይል ከገቢ የሚቀነሰው 67 ሳንቲም ነበር፤ ለሥራ 30,000 ማይል የነዳ ሰው 20,100 ዶላር ከገቢው ይቀንስለታል። ትርፍ ከፍላችሁ ከሆነም ሪፈንዱን ለመጠየቅ በጥቅሉ ያላችሁ 3 ዓመት ነው። ለሶሻል ሴኪዩሪቲ (ለጡረታ) የሚቆጠረው የራስ ሥራ ገቢም ዓመቱ ካለቀ ከ3 ዓመት፣ ከ3 ወርና ከ15 ቀን በኋላ ከቀረበ አይያዝላችሁም።

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ለምትኖሩ፣ ስቴቶቹ ከፌዴራሉ ሌላ የየራሳቸው የታክስ ፋይል አላቸው። ዋጋ ስትነጋገሩ የስቴቱም አብሮ መሆኑን አረጋግጡ።